አንድ ሜትር ሀዲድ ላይ ሁለት ሜትር ትራክተር፦ ሳይገለበጥ እንዴት ተጓዘ?

ጥያቄ፦ «አባቴ በንጉሡ ዘመን አዳማ አካባቢ እርሻ ነበረው። የመጀመሪያውን ትራክተርና አንዲት ሴይቸንቶ ከጅቡቲ በባቡር እንዳስመጣ ይነግረናል። በቅርቡ ድሬዳዋ ሄጄ የድሮውን ሀዲድ ሳየው ግራ ገባኝ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሜትር ብቻ ነው። የትራክተር የኋላ ጎማዎች ከዳር እስከ ዳር ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋሉ። ታዲያ እንዴት ሳይገለበጥ ይመጣል? ኮምባይነርስ በዚህ ሀዲድ መምጣት ይችል ነበር? አባቴ አጋንኖብን ይሆን?»

መልስ፦

አባትዎ አላጋነኑም። መኪናም፣ ትራክተርም፣ ከዚያ የሚከብድ ማሽንም በአንድ ሜትር ሀዲድ ተጉዟል። በሌሎች አገሮች ዛሬም ይጓዛል። ግራ መጋባትዎ ግን አይገርምም። ሀዲዱን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው። የባቡር ጭነት አጫጫን ሙያዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ስፋቶችን እንለይ። አንደኛው እርስዎ ድሬዳዋ ላይ ያዩት ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት። ሁለተኛው የፉርጎው ስፋት ነው። የባቡሩ ጎማዎች ያሉት ከፉርጎው ሥር ነው። ፉርጎው ራሱ ከጎማዎቹ በግራም በቀኝም አልፎ ይወጣል። በአንድ ሜትር ሀዲድ ላይ የሚሄድ የተለመደ ፉርጎ 2.5 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ በየጎኑ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከብረቱ ውጪ ነው ማለት ነው።

አሁን ጭነቱን እንለካው። ሴይቸንቶ የምንላት ፊያት 600 ስፋቷ 1.38 ሜትር፣ ርዝመቷ 3.2 ሜትር፣ ክብደቷ 600 ኪሎ ገደማ ነው። 2.5 ሜትር በሚሰፋ ፉርጎ ላይ በየጎኑ ከግማሽ ሜትር በላይ ቦታ ይተርፋታል። ቮልስዋገኗ 1.54 ሜትር ነች፤ እሷም ሰፊ ቦታ አላት። ትራክተርም ቢሆን አያስቸግርም። እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135 ያለ ትራክተር የኋላ ጎማዎቹን ማጥበብና ማስፋት ይቻላል። ቸርኬውን ገልብጦ ማሰር ብቻ ነው። ገበሬው እንደ ፈሩ ስፋት ያስተካክለዋል፤ ጫኚው ደግሞ እንደ ፉርጎው።

ስለዚህ «ይበቃዋል ወይ?» ለሚለው መልሱ አዎ ነው፣ በደንብ ይበቃዋል። የሚቀረው «አይገለበጥም ወይ?» የሚለው ነው። ይህን በቁጥር ብናየው ይሻላል።

አንድ ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎ 12 ቶን ይመዝናል እንበል። የክብደቱ ማዕከል ከሀዲዱ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በላዩ ላይ እያንዳንዳቸው 3 ቶን የሚመዝኑ ሁለት ትራክተሮች እንጫን። የትራክተሮቹ የክብደት ማዕከል ከሀዲዱ 2 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይሆናል። ሁሉንም ስናዳምር የ18 ቶኑ የጋራ ማዕከል 1.13 ሜትር ላይ ያርፋል። የፉርጎው ወለልና ጎማዎች ብረት ስለሆኑ ማዕከሉን ወደ ታች ይስቡታል። የትራክተሩ ቁመት የሚያስፈራው ይህን ስንረሳ ነው።

ከሀዲዱ መሃል እስከ አንዱ ብረት አናት መሃል ያለው ርቀት 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 53ን ለ113 ስናካፍል 0.47 ይሆናል። ፉርጎው እንዲገለበጥ ከክብደቱ 47 በመቶ የሚሆን ኃይል ወደ ጎን ሊገፋው ይገባል ማለት ነው። ባቡሩ 200 ሜትር ራዲየስ ያለውን ኩርባ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲዞር ወደ ውጪ የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ኩርባው ጋ በውጪ በኩል ያለው ብረት ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል። ይህ ከ10 በመቶውም ይቀንሳል። በእርግጥ ፉርጎው በባሌስትራው ላይ ያዘነብላል፣ ነፋስም ይገፋዋል። ስለዚህ 47 በመቶው በተግባር ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ሆኖም የሚተርፈው ብዙ ነው።

በሰፊው ሀዲድ፣ ማለትም በ1.435 ሜትሩ፣ ይኸው ፉርጎ 66 በመቶ ገደማ ይሰጠን ነበር። እንግዲህ ጠባቡ ሀዲድ ከመረጋጋቱ ከአሥር ሦስት እጁን ያህል ቀንሶ ሰባት እጁን አስቀርቷል። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ግን ጭነትን የሚከለክል አይደለም።

ፍጥነት ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ያንኑ ኩርባ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብንዞረው 10 በመቶው ወደ 39 በመቶ ይዘላል። ያኔ ወደ 47ቱ ተጠጋን ማለት ነው። በዚህ መስመር ላይ ይህ በሰው ሕይወት ተከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1985 አዋሽ አካባቢ የመንገደኛ ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሀዲዱ ወጣ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለዚህ ነው ከፍ ያለ ጭነት የያዘ ባቡር የራሱ የፍጥነት ገደብ የሚሰጠው። ገደቡ ደግሞ ለሹፌሩ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል እንጂ በቃል አይነገረውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ ነው። ፉርጎ ከመገልበጡ በፊት ሌላ አደጋ ይቀድማል። እሱም አንዱ ጎማ ክብደት አጥቶ ከብረቱ ላይ መውጣቱ ነው። ሁለቱም ትራክተሮች ከመሃል 20 ሴንቲ ሜትር ወደ አንድ ጎን ቢጠጉ ከላይ ባሰላነው ፉርጎ ላይ የጋራ ማዕከሉ የሚንሸራተተው 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለመገልበጥ ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን ሀዲዱ በጎበጠበት ቦታ የቀለለው ጎማ ብረቱን ለመልቀቅ ይህችው ትበቃዋለች። ስለዚህ ጥሩ ጫኚ የመሃል መስመሩን በኖራ ያሰምራል። ከፊትና ከኋላም ክብደቱን እኩል ያደርጋል። የትራክተር ክብደት አብዛኛው የኋላ ጎማው ላይ እንደሆነ ስለሚያውቅ ሁለቱን ትራክተሮች በአንድ አቅጣጫ አይደረድራቸውም። ጀርባ ለጀርባ ወይም ፊት ለፊት ያቆማቸዋል።

አሁን ወደ አባትዎ መስመር እንምጣ። የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጼ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ። ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በመካከል ያሉት 15 ዓመታት ለከባድ ዕቃ ፈታኝ ነበሩ። ድሬዳዋ ድረስ በባቡር የመጣ ማሽን ከዚያ በኋላ በግመልና በበቅሎ ልክ መፈታታት ነበረበት። ግመል መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ትሸከማለች። ሞተር ግን ለግመል አይከፋፈልም። ስለዚህ የማሽን ትልቁ ችግር የሀዲዱ ጥበት ሳይሆን የሀዲዱ ማለቅ ነበር። ይህን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ለገሃር አንድ ፉርጎ ሳይራገፍ መምጣት ቻለ። ጣሊያን መንገዶቹን እስኪሠራ ድረስ ከባሕር ወደ መሃል አገር ለሚመጣ ከባድ ዕቃ ከዚህ የተሻለ በር አልነበረም። በኋላም መስመሩ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሃራና በአዋሽ ማለፉ ለእርሻ ተመቸ። ወንጂ በ1954 ስኳር ማምረት ሲጀምር ሀዲዱ ከደጁ ሩቅ አልነበረም። አባትዎ አዳማ አካባቢ ካረሱ ትራክተሩ የወረደበት ጣቢያ ከእርሻቸው በትራክተሩ በራሱ ተነድቶ የሚደረስበት ነበር። ይህ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው።

ኮምባይነርን በተመለከተ የጠየቁት ከባዱ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ መልሱ «አዎ፣ ግን ተፈታትቶ» የሚል ነው።

እያንዳንዱ የባቡር መስመር የማለፊያ ልክ አለው። በድልድዩ፣ በዋሻው፣ በጣቢያው ጣሪያና በምልክት ምሰሶው መካከል ሳይነካ የሚያልፍ የጭነት ቅርጽ ማለት ነው። ብዙ ጣቢያዎች ይህን የሚለኩበት ቀላል ዘዴ አላቸው። በአንድ ሀዲድ ላይ የማለፊያውን ልክ የያዘ የእንጨት ወይም የብረት ቅስት ይተከላል። የተጫነው ፉርጎ በዝግታ ከሥሩ ይገፋል። ከነካ ይመለሳል። ክርክር የለም።

ኮምባይነር ደግሞ ይህን ቅስት በሁለት በኩል ያስቸግረዋል። የፊቱ ማጨጃ ከአካሉ ይሰፋል፤ አራት ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ መጀመሪያ ይወልቃል። ከዚያ በሌላ ፉርጎ ላይ በቁመቱ ይጋደማል። ቀጥሎ የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። የፉርጎው ወለል ራሱ ከሀዲዱ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በላዩ ሦስት ሜትር ተኩል የሚቆም ማሽን ካቆምን አራት ሜትር ተኩል ላይ ደረስን። በጠባብ ሀዲድ መስመር ይህ ብዙ ጊዜ አያልፍም። ስለዚህ የሹፌሩ ጋቢና ወይም ጥላው ይወርዳል፣ የጭስ ማውጫው ይነቀላል፣ የእህል መትፊያው ቱቦ ይታጠፋል። ያም ካልበቃ ጎማዎቹ ወልቀው አካሉ በእንጨት ግንድ ላይ ይቀመጣል። መሃሉ ዝቅ ያለ ፉርጎ ካለ ደግሞ ብዙው ጣጣ ይቀራል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ኩርባ ላይ የሚሆነው ነው። ረጅም ፉርጎ ሲዞር መሃሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጪ ይወጣሉ። በሁለቱ የጎማ ስብስቦች መካከል 9 ሜትር ያለው ፉርጎ 150 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ላይ መሃሉ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥ ባለው ሀዲድ ላይ ከሀዲዱ ዳር ያለን ድንጋይ በ5 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ማሽን ኩርባው ላይ ይመታዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊው የማሽኑ ክፍል ከጎማ ስብስቡ በላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። እዚያ ጋ ፉርጎው ከሀዲዱ መሃል አይርቅም።

አስተሳሰሩን በደንብ ልንገርዎት፤ ጭነት የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ወደ ጎን መውደቅን ነው። ጭነትን ይበልጥ የሚያንቀሳቅሰው ግን የፊትና የኋላ ግፊት ነው። ባቡር ሲነሳ፣ ሲቆም፣ በተለይም ጣቢያ ውስጥ ፉርጎዎች ሲቀጣጠሉ የሚመጣው ምት ከኩርባው ይበልጣል። ስለዚህ ትራክተሩ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ በዝቅተኛ ማርሽ ይቆማል። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎማ ፊትና ኋላ የእንጨት ታኮ ይገባል። ታኮው ከፉርጎው የእንጨት ወለል ጋር በረጅም ሚስማር ይመታል። ያልተመታ ታኮ በመጀመሪያው ምት ይፈናጠራል። በጎማዎቹ ጎንም እንጨት ይመታል፤ ይህ ትራክተሩ ቀስ በቀስ ወደ ጎን «እንዳይራመድ» ነው። በንዝረት ብቻ ጭነት ይራመዳል፣ ማንም ሳይገፋው።

ከዚህ በኋላ ሽቦው ይመጣል። ለስላሳ የብረት ሽቦ ብዙ ዙር ተደርጎ ከትራክተሩ አክስል ወደ ፉርጎው ቀለበት ይታሰራል። መሃሉ ላይ ዘንግ ገብቶ እየተጠመዘዘ ይወጠራል። አራቱም ማዕዘን እንዲህ ይደረጋል፤ የፊቶቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ይጎትታሉ። ሰንሰለት ከተገኘ እሱም ይሠራል። ለሴይቸንቶዋ ግን ይህ ትንሽ ይለያል። ትንሽ መኪና የምትታሰረው በጎማዎቿ እንጂ በአካሏ አይደለም። በአካሏ ካሰሯት ባሌስትራዋ ወይም ሱስታዋ ሲረግብና ሲነሳ ሽቦው ይላላል። አንዴ የላላ ሽቦ ደግሞ በእያንዳንዱ መንጋጋት እንደ ጅራፍ ይመታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ትልቅ ጣቢያ አንድ ሰው ወርዶ ሽቦውን ሁሉ በእጁ መሞከር አለበት። እኔ ከዚህ ሥርዓት የሚበልጥ መድን አላውቅም።

በሰንሰለት የሚሄድ ዶዘር ወይም ትራክተር ከሆነ ከሥሩ እንጨት ይነጠፍለታል። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ በተለይ ዝናብ ወይም ዘይት ካለ። ማረሻና ዲስክ ግን ምንም አያስቸግሩም። ከባድ ናቸው፣ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። እንዲያውም ክብደቱ ለጎደለው ጎን ማመጣጠኛ ይሆናሉ።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ነዳጁ ከታንከሩ ተቀድቶ ጥቂት ብቻ ይቀራል፤ ማሽኑ ሲደርስ ከፉርጎው እስኪወርድ የሚበቃው። የባትሪው ገመድ ይለያል። ወደ ላይ የቆመ የጭስ ማውጫ አፉ በሸራ ይታሰራል፤ ዝናብና አሸዋ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ። የእንፋሎት ባቡር በነበረበት ዘመን ደግሞ ከሎኮሞቲቩ የሚተፋው ፍም አስፈሪ ነበር። ሸራ የለበሰ መኪና ከሎኮሞቲቩ ወዲያው ቀጥሎ ማስቀመጥ እሳት መጋበዝ ነው። በመካከል ሌላ ፉርጎ ይገባል።

እንግዲህ እንዴት ይጫናል? ዋናው መንገድ ራምፕ ነው። ከፉርጎው ወለል እኩል ከፍታ ያለው የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ መድረክ ይሠራል። ሀዲዱ እዚያ ጋ ያልቃል። ማሽኑ ከመድረኩ ወደ መጨረሻው ፉርጎ ይነዳል። በፉርጎዎቹ መካከል የብረት ሳንቃ ይዘረጋል። ትራክተሩ ፉርጎ በፉርጎ እየተሻገረ እስከ ፊት ይሄዳል። የሰርከስ ባቡሮች ጋሪዎቻቸውን የሚጭኑት በዚህ መንገድ ስለነበር አሜሪካኖች እስከ ዛሬ የሰርከስ አጫጫን ይሉታል። ወደብ ላይ ግን ክሬን ስላለ ከመርከቡ ወርዶ በቀጥታ ፉርጎው ላይ ማረፍ ይችላል። ራምፕም ክሬንም በሌለበት ትንሽ ጣቢያ የድሮ ሀዲድና የእንጨት ግንድ ተደርድሮ ጊዜያዊ መውረጃ ይሠራል። ይቻላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሰውም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

መኪናን በባቡር መጫን ከትራክተር ይልቅ የሚያከስረው ለምን እንደሆነም ልንገርዎት። ፉርጎው 20 ቶን መሸከም ይችላል እንበል። ሦስት ሴይቸንቶዎች ቢሰለፉበት ክብደታቸው ሁለት ቶን አይሞላም። ቦታው አለቀ፤ ክብደቱ ግን አሥር በመቶ እንኳ አልደረሰም። ባቡር የሚከፈለው በቶን ከሆነ ከሰረ፤ በፉርጎ ከሆነ ነጋዴው ከሰረ። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ መኪናውን ፈትቶ በሳጥን ማስገባትና እዚህ መገጣጠም። ጎማው ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ ሲሆን ሳጥኖቹ ይደራረባሉ። ፎርድ በ1920ዎቹ ብዙ መኪኖቹን ወደ ውጭ አገር የላከው እንዲህ ነው። ሁለተኛው መኪኖቹን በሁለት ደርብ መጫን ነው። ጃፓኖች ይህን በ1.067 ሜትር ሀዲድ ላይ አድርገውታል። በ1966 ኩ 5000 የተባለ ባለ ሁለት ደርብ ፉርጎ አወጡ። አንዱ ፉርጎ 8 መካከለኛ መኪኖችን፣ ትናንሽ ከሆኑም ከዚያ በላይ ይጭን ነበር። ከፋብሪካ ወደ ከተማ ለ30 ዓመት ያህል በዚህ ተጉዘዋል። ሀዲዱ ጠባብ ነው ብሎ የተወ የለም።

በእርስዎው ልክ፣ በትክክል በአንድ ሜትር ሀዲድ ላይ፣ ዛሬ መኪና የሚጭን ባቡር ማየት ከፈለጉ ስዊዘርላንድን ይመልከቱ። የፉርካ ዋሻ 15.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1982 ተከፈተ። የቬራይና ዋሻ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1999 ተከፈተ። ሁለቱም የአንድ ሜትር ሀዲድ ናቸው። ክረምት ሲመጣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያሉት የተራራ መንገዶች በበረዶ ይዘጋሉ። ያኔ ሹፌሩ መኪናውን በራምፑ ነድቶ ባቡሩ ላይ ይወጣል። ፍሬኑን ይይዛል፣ ከመኪናው ሳይወርድ ይቀመጣል። ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይቶ በሌላኛው በኩል ነድቶ ይወርዳል። በቬራይና አውቶቡስና የጭነት መኪናም ያልፋል። እዚያ ሽቦ የለም፣ ሚስማር የለም። ምክንያቱም ፉርጎዎቹ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ርቀቱም አጭር ነው፣ ባቡሩም በመንገድ ላይ ፉርጎ አይቀጥልም አይፈታም።

ከዚህም የጠበበ አለ። አላስካንና ዩኮንን የሚያገናኘው የዋይት ፓስ ባቡር ሀዲዱ 91.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከስካግዌይ ወደ ዋይትሆርስ የመኪና መንገድ በ1970ዎቹ መጨረሻ እስኪከፈት ድረስ መንገደኞች መኪናቸውን በጠፍጣፋ ፉርጎ ጭነው ተራራውን ይሻገሩ ነበር። በጀርመን ሳክሶኒ ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ሀዲድ ላይ የሰፊው ሀዲድ ፉርጎ ከነጭነቱ በሌላ ዝቅ ያለ ፉርጎ ላይ ተጭኖ ይሄድ ነበር። ሦስት ሜትር የሚሰፋ ፉርጎ በ75 ሴንቲ ሜትር ሀዲድ! በዝግታ ነው፣ ግን ይሄዳል። ጠባብ ሀዲድ ሁሉ ደካማ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎት ደግሞ የደቡብ አፍሪካውን የሲሸን–ሳልዳኛ መስመር ይንገሩት። ሀዲዱ 1.067 ሜትር ነው፤ አንድ ባቡር ከ300 በላይ ፉርጎ የብረት ማዕድን ይጎትታል።

ታዲያ በእኛ መስመር መኪናና ትራክተር መጫን ለምን ቀረ? «ይያዙልኝ» ወዳልኩት ነጥብ እመለሳለሁ። ችግሩ የሀዲዱ ማለቅ ነው። ባቡር ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው መራገፍ፣ መጠበቅና እንደገና መጫን ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ዕቃም የሚጋጨው፣ የሚሰበረውና የሚጠፋው በዚያ ላይ ነው። አሰብ ከመሃል አገር ጋር በመንገድ ከተገናኘ በኋላ የጭነት መኪናው ትራክተሩን ከወደቡ አንሥቶ እርሻው በር ላይ ያወርደው ጀመር። በ1977 የሶማሊያ ጦርነት ደግሞ መስመሩን ቆረጠው። ለወራት ተዘጋ። ያኔ ወደ መንገድ የዞረው ጭነት አብዛኛው አልተመለሰም። ሀዲዱም ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ የተነጠፈው ብረት አንድ ሜትሩ 20 ኪሎ ገደማ ነበር። ጥገናው ሲጓደል ፍጥነቱ ወረደ። በእኔ እምነት መስመሩን የጎዳው የሀዲዱ ጥበት ሳይሆን ጥገና ማጣቱና ጣቢያዎቹ ላይ በቂ ራምፕና ክሬን አለመኖሩ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ሆኖ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ግን ለእሱም ቢሆን ወሳኙ ጥያቄ ያው ነው፦ ትራክተሩ ከባቡሩ ሲወርድ ምን ይጠብቀዋል?

የአባትዎን ታሪክ ማረጋገጥ ከፈለጉ የሚከተለውን ያድርጉ። ቤት ውስጥ የቆየ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም የባቡር ጭነት ደረሰኝ ካለ ይፈልጉ። የዚያ ዘመን የባቡር ወረቀት በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው፤ ስለዚህ የማይነበብ መስሏችሁ እንዳትጥሉት። በላዩ ላይ የተነሳበት ጣቢያ፣ የደረሰበት ጣቢያ፣ የፉርጎው ቁጥርና ክብደቱ ይጻፋል። ትራክተሩ ዛሬም ቆሞ ከሆነ ደግሞ ከአክስሉ ሥር ይመልከቱ። ሽቦ ወይም ሰንሰለት የታሰረበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ፣ አንዳንዴም ብረቱ ተቦርቡሮ ይገኛል። በሎቤድ የመጣ ትራክተርም እንዲህ ያለ ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከወረቀቱ ጋር ከተገኘ ግን ይሆናል። አባትዎን ሲያገኙም ይጠይቋቸው፦ ትራክተሩ ከፉርጎው የወረደው በራምፕ ነው ወይስ በክሬን? ጎማውስ አብሮት ነበር ወይስ ለብቻው መጣ? ከፉርጎ ላይ ትራክተር ሲወርድ ቆሞ ያየ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች አይረሳም።